የቲማቲም ዘር ከራሳችን ጓሮ፦ ጅማ ላይ እንዴት ይያዛል?

ጅማ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ጎመን አያጣም፣ ሙዝ አያጣም፣ ቡና ደግሞ የግድ ነው። ቲማቲም ሲሆን ግን ብዙዎቻችን በየዓመቱ ዘር እንገዛለን ወይም ችግኝ እንለምናለን። ጥሩ ፍሬ የሰጠችን ተክል ክረምቱ ሲገባ ትበሰብሳለች፣ ዘሯም አብሯት ይሄዳል። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቲማቲም ዘሩን ለመያዝ ከሚቀልሉ አትክልቶች አንዱ ነው። እንደ ሽንኩርትና እንደ ካሮት ሁለተኛ ዙር አያስጠብቅም። አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ዘሩም ልንበላው በቆረጥነው ፍሬ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።

እዚህ እኛ አገር አስቸጋሪው እርጥበት ነው። ደረቅና ሞቃት ቦታ የሚኖር ሰው ዘሩን ሳህን ላይ ዘርግቶ ቢረሳው እንኳን ይደርቅለታል። ጅማ ላይ ግን ከመትከያው ወር ጀምሮ እስከ ጠርሙሱ ክዳን ድረስ ሥራው ሁሉ ከእርጥበት መሸሽ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ይሄን እያሰባችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የያዛችሁት ምን ዓይነት ቲማቲም ነው?

ዘሩ የሚያዘው ከትውልድ ትውልድ ራሱን መስሎ ከሚወጣ ዝርያ ነው። የድሮው የጓሮ ቲማቲም፣ ማለትም ሰው ከጎረቤት ተቀብሎ ለዓመታት ከራሱ ዘር እየዘራ ያቆየው፣ ከሁሉም ይበልጣል። ያን ካላገኛችሁ ሮማ ቪኤፍ፣ ማርግሎብ፣ ወይም ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ይሆናሉ። እነዚህ ዲቃላ አይደሉም፣ ዘራቸውን ብትይዙ እናታቸውን የመሰለ ልጅ ይሰጧችኋል። በነገራችን ላይ ሮማ ላይ የተቀጠሉት ሁለት ፊደላት ቬርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የሚባሉትን የማጠውለግ በሽታዎች ይቋቋማል ለማለት ነው።

ማሸጊያው ላይ ኤፍ ዋን ወይም ዲቃላ የሚል ካያችሁ ለዘር አትያዙት። ጋሊሊያና ሻንቲ ለምሳሌ ዲቃላ ናቸው። ለገበያ ጥሩ ናቸው፣ ምርታቸው የሚወደደውም በምክንያት ነው። ዘራቸውን ይዛችሁ ብትዘሩት ግን ልጆቹ ይበታተናሉ፦ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ቶሎ የሚደርስ፣ አንዱ በሽታ የማይችል። ከገበያ ገዝታችሁ የጣማችሁ ቲማቲምም ያው ነው፤ ምን እንደሆነ ሻጯም ላታውቀው ትችላለች። ሞክሩት፣ ክልክል የለውም፣ ግን ለዓመት የምትተማመኑበት ዘር አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ብራንዲዋይን ወይም ቼሮኪ ፐርፕል የሚባሉትን የቆዩ የአሜሪካ ዝርያዎች ልላክላችሁ የሚል ከሆነ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀትና ፈቃድ እንዲኖረው አድርጉ። በፖስታ ሸጉጦ መላክ የማናውቀውን በሽታ አብሮ መጋበዝ ነው። የኛን አፈር አንዴ ከገባበት ማን ያወጣዋል?

መቼ ይዘራል?

ለምግብ ብቻ ከሆነ ውሃና መጠለያ ያለው ሰው መቼም ይትከል። ለዘር ሲሆን ግን ፍሬው በበጋ መብሰል አለበት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፣ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ይንጠባጠባል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። በዚያ ወቅት ቅጠል በእርጥበት ውሎ ስለሚያድር ምች ይገባል፣ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ያጠባችሁት ዘርም ለመድረቅ ያስቸግራል። ደህና ደረቅ የሚባሉት ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው።

ስለዚህ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከተዘራ እስከሚዛወር ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ከተዛወረ በኋላ የመጀመሪያው ፍሬ እስኪቀላ እንደ ዝርያው ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር። መስከረም መጀመሪያ መደብ ላይ የዘራ ሰው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ያዛውራል፣ ጥርና የካቲት ላይ የደረሰ ፍሬ ይለቅማል። ዘሩንም በደረቁ አየር አድርቆ መጋቢት ሳይገባ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ይጨርሳል። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ነገር ዋናዋ ናት።

አንድ ነገር አስቡበት፦ የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜው ሲበረታ አበባ ሳይቋጥር ሊረግፍ ይችላል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከግድግዳ ጥግ የሆነ ቦታ ካላችሁ ለዘር የምትተክሉትን እዚያ አድርጉት።

ችግኙ

ለመደቡ ቀዩን አፈር ብቻውን አትጠቀሙ፤ ውሃ ሲነካው ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ጥቂት ችግኝ ብቻ ከፈለጋችሁ አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ይበቃል፣ ከሥሩ ሦስት አራት ቦታ ብሱት። የፈላ ውሃ አፈሩ ላይ ጨምሮ ማቀዝቀዝ ችግኝን ከአንገቱ ቆርጦ የሚጥለውን ሻጋታ ይቀንሳል።

ዘሩን ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲሜትር ጥልቀት ቅበሩ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ጉዝጓዝ ሣር አልብሱትና በሣሩ ላይ በቀስታ ውሃ አርከፍክፉ። በ5 ቀንም በ10 ቀንም ሊበቅል ይችላል፣ እንደ ሙቀቱ ነው። ብቅ ሲል ሣሩን ያን ዕለት አንሡ፤ ከዘገያችሁ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና ቀጥኖ ይወድቃል። መስከረም ላይ ገና ዝናብ ስላለ ከላይ ላስቲክ የለበሰ ትንሽ ዳስ ሥሩለት፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን፣ አየር ይግባበት።

ከተጠጋጉት ውስጥ ደካማውን ከሥሩ በጥፍር ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት፣ የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል። ሊዛወር አንድ ሳምንት ሲቀረው ውሃ ቀንሱለት፣ ፀሐይ አልምዱት።

ማዛወርና መንከባከብ

ባለፉት ሦስት ዓመታት ቲማቲም፣ ድንች፣ በርበሬ ወይም ደብርጃን ያልተተከለበት ቦታ ፈልጉ። አራቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ በሽታቸውን ይዋዋሳሉ። የጅማ አፈር አብዛኛው አሲዳማ ስለሆነ ከመትከላችሁ በፊት ጥቂት የምድጃ አመድ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ይረዳል፣ ኖራ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። የቡና ገለፈት እኛ ጋ ሞልቷል፣ ግን ትኩሱን ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሩት። ከእበትና ከቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ለወራት ከበሰበሰ በኋላ ጠቁሮ፣ ሙቀቱ ጠፍቶ፣ የአፈር ሽታ ሲሸት ያኔ ወርቅ ነው።

ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የደረሰውን ችግኝ አመሻሽ ላይ አዛውሩ። የታችኞቹን ቅጠሎች ቀጥፋችሁ ግንዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ቲማቲም ከተቀበረው ግንድ ሁሉ ሥር ያወጣል። በተክልና በተክል መካከል ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ሜትር ስጡት። ለገበያ የሚያመርቱ ሰዎች ያጠጋጉታል፣ እኛ ግን ለዘር ነውና አየር ይዘዋወርበት።

ድጋፉን ያን ዕለት ትከሉ። ሥሩ ከተስፋፋ በኋላ እንጨት ብትተክሉ ሥሩን ትወጉታላችሁ። ቀርከሃም ይሁን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ በላይ ይሁን። ለማሰሪያ ከቃጫ የተሻለ አላውቅም፤ ለስላሳ ነው፣ ግንዱን አይቆርጥም፣ ሲያረጅም አፈር ይሆናል። እንጨቱን ጠበቅ፣ ግንዱን ላላ አድርጋችሁ በመሐሉ አንዴ አዙራችሁ እሰሩት።

ረጅም የሚያድግ ዝርያ ከሆነ በቅጠሉና በግንዱ ብብት የሚወጣውን ቀንበጥ ገና ጣት ሳያክል ስበሩት። እንደ ሮማ ያለው አጭር ዓይነት ይሄን አይፈልግም። ውሃ ከሥሩ፣ ጠዋት። ቅጠሉን አታርጥቡ። አንዴ ማድረቅ አንዴ ማጥለቅለቅ የፍሬውን የታች ጫፍ ያጠቁረዋል፤ ይሄ በሽታ ሳይሆን የካልሲየም እጥረት ነው፣ ውሃው በልክ ሲሆን ይተወዋል። መሬቱን በደረቅ የሙዝ ቅጠል አልብሱት፣ እርጥበቱም ይቆያል፣ አፈርም ወደ ቅጠሉ አይረጭም።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ተክሉን አይንካ። ከትምባሆ የሚመጣው ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል፣ ዘር ላይም ይጣበቃል።

እናት ተክሏን መምረጥ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትልቁን ፍሬ ያይና ለዘር ይሁን ይላል። የሚመረጠው ግን ፍሬው ሳይሆን ተክሏ ናት። ታማ አንድ ግዙፍ ፍሬ ብቻ የሰጠች ተክል አለች፣ ጤነኛ ሆና ሃያ ደህና ፍሬ የተሸከመች ደግሞ አለች። ዘሩ የሚያዘው ከሁለተኛዋ ነው፣ ፍሬዋ መካከለኛ ቢሆንም።

ምርጫው አንድ ቀን ቆሞ የሚወሰን አይደለም። ከአበባው ጊዜ ጀምሮ ውሃ ስታጠጡ እያያችሁ ቀይ ክር እሰሩ። ቀድማ ያበበችው፣ ጎረቤቶቿ ሲደክሙ ቅጠሏ ያልደከመው፣ ዝርያው የሚታወቅበትን ቅርጽና ቀለም ያልለቀቀችው። መሐል ላይ ብትታመም ክሩን ፍቱ። ዓመት ከዓመት እንዲህ የተመረጠ ዘር የእናንተን ጓሮ እየለመደ ይሄዳል። የጅማን እርጥበት ችላ ፍሬ የሰጠች ተክል ልጅ ከየትም ከመጣ ዘር ይልቅ ለጅማ ትቀርባለች።

ከአንዲት ተክል ብቻ አትያዙ። ቦታ ካላችሁ ከስድስት እስከ አሥር ተክል፣ ጠባብ ከሆነ ቢያንስ ከሦስት አራቱ እየቀላቀላችሁ ያዙ። ያለዚያ የዝርያው ውስጣዊ ልዩነት እየጠበበ ይመጣል፤ ያ ልዩነት ደግሞ በመጥፎ ዓመት የሚያድናችሁ ነው።

ክር ከማታስሩባቸው ውስጥ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ምች፦ ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ቡናማ ጠባሳ ይወጣል፣ ጠዋት ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ ግንዱም ይጠቁራል። ቫይረስ፦ ቅጠሉ ይጨማደዳል ወይም አረንጓዴና ቢጫ ይዥጎረጎራል። አጠውልግ፦ ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀን ላይ ድንገት ይጠወልጋል። ይሄን የመጨረሻውን ለማረጋገጥ ከሥሩ አካባቢ ግንዱን ቁረጡና ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አንጠልጥላችሁ ጥቂት ደቂቃ ሳትነቀንቁ ተመልከቱ። ከተቆረጠው አፍ ነጭ ወተት መሳይ ክር ወደ ታች ከፈሰሰ ባክቴሪያ ነው። ተክሉን ከነሥሩ ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ ያን ቦታም ለቲማቲም አትመለሱበት።

ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል ቅጠሉን የሰረሰረው ተክል ለዘር መጣል የለበትም፣ ተባዩ በዘር አይተላለፍም። ያልተበሳውን ፍሬ ምረጡ እንጂ።

መዳቀልን መከላከል

የቲማቲም አበባ ወንዴውም ሴቴውም እዚያው ናቸው፣ የሴቴው ጫፍ በወንዴዎቹ ቱቦ ውስጥ ስለሚደበቅ አብዛኛው ጊዜ ንብ ሳትደርስ ጉዳዩ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብቻ የሚተክል ሰው ይሄን ክፍል ይለፈው።

ሁለትና ሦስት ዓይነት ካላችሁ ግን በመሐላቸው የተወሰኑ ሜትሮች ርቀት ተዉ፣ ወይም በቆሎ ወይም አበባ የበዛበት ሌላ ተክል አስገቡ። ቅጠላቸው የድንች ቅጠል የሚመስልና አበባቸው ትልልቅ የሆኑት ዝርያዎች የሴቴው ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ሊል ስለሚችል ይዳቀላሉ፣ እነሱን ማራቅ ያስፈልጋል።

ርቀት ከሌላችሁ አሮጌ ሻሽ ይበቃል። አበባው ሳይፈነዳ ገና እንቡጥ እያለ አንዱን ዘለላ በሻሽ ከረጢት ሸፍኑት፣ አፉን በክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ሲያብብ ቀን ላይ ዘለላውን በጣት መታ መታ አድርጉት፣ ብናኙ ይራገፋል። ፍሬው አተር ሲያክል ሻሹን አውጡና ዘለላው ላይ ክር እሰሩበት፣ የትኛው እንደነበር እንዳይጠፋችሁ።

መልቀምና ማቡካት

ፍሬው ተክሉ ላይ እያለ ከምትበሉት አለፍ ብሎ ይብሰል። ሙሉ በሙሉ ቀልቶ፣ ሲነኩት ለስለስ ሲል። የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ግን አይሆንም። ወፍ ካስቸገረ መቅላት ሲጀምር ቀጥፋችሁ ቤት ውስጥ አብስሉት፣ ዘሩ ያኔ ደርሷል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዘለላዎች ያዙ፣ ተክሉ ከመድከሙ በፊት ስለሆነ።

ፍሬውን ከግንዱ ወደ ታች ሳይሆን በወገቡ አግድም ቁረጡት። እንደዚያ ሲሆን ዘር የያዙት ክፍሎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ዘሩን ከነዝልግልጉ በማንኪያ ወይም በጣት ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ አውጡ። ሥጋው አይጣል፣ ለስልስ ወይም ለቲማቲም ለብለብ ይሆናል። ዘር መያዝ ምግብ ማባከን አይደለም።

አሁን እያንዳንዱን ዘር የከበበውን ዝልግልግ ሽፋን ተመልከቱ። ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚከለክለው እሱ ነው። ከነሱ ብታደርቁት ዘሩ ይጣበቃል፣ አበቃቀሉም ያዘግማል፣ በሽታም ተጣብቆ ይቀራል። ማቡካት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ወፍራም ከሆነ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ፈሳሽ ከሆነ ምንም አትጨምሩ። ውሃ ሲበዛ መቡካቱ ይዘገያል፣ ዘሩም እዚያው ሊያቆጠቁጥ ይችላል። አፉን በሻሽ ሸፍኑ፣ ዝንብ እንዳይገባ። ከፀሐይ ርቆ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ግን ከማብሰያ ቤት አውጡት፤ ሽታው የከረመ ጠላ ያህል ይበረታል። ጠዋትና ማታ በእንጨት አማስሉት።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አረፋ ይወጣል፣ ከላይ ስስ ነጭ ሻጋታ ይሸፍነዋል። አትደንግጡ፣ የሚፈለገው እሱ ነው። በዚህ ጊዜ ጥቂት ዘር አውጥታችሁ በሁለት ጣት መካከል እሹት። ካሙለጨለጨ ገና ነው። ሻከር ካለና ፀጉር ያለው ከመሰለ ዝልግልጉ ሄዷል፣ ያን ሰዓት እጠቡት። የቀን ቁጥር አትከተሉ፣ ጣታችሁን ተከተሉ፤ በብርዱ ጊዜ አራት ቀን ሊሄድ ይችላል፣ ሙቀት ባለበት ቤት በሁለት ቀን ያበቃል። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ነጭ ጫፍ አውጥቶ ታገኙታላችሁ፣ ያ ዘር አበቃለት።

ለማጠብ ጠርሙሱን ውሃ ሙሉት፣ አማስሉ፣ ጥቂት ጊዜ ይረፍ። ደህናው ዘር ይሰምጣል። የሚንሳፈፈውን ፍሬ፣ ሻጋታና ባዶ ዘር በቀስታ አዘንብላችሁ አፍስሱ። ውሃው እስኪጠራ ድረስ አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙት። በመጨረሻ በሻይ ማጥለያ አጥልሉና ማጥለያውን ከታች በኩል በፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን አስመጥጡ።

ማቡካት ብዙ በሽታ ይቀንሳል፣ ሁሉንም ግን አያጠፋም። ሰፋ አድርጎ የሚተክልና ቴርሞሜትር ያለው ሰው የደረቀውን ዘር ከመዝራቱ በፊት በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ ለ25 ደቂቃ ሊነክረው ይችላል። በግምት ግን አይሞከርም። ሙቀቱ ትንሽ ካለፈ ዘሩ ይሞታል፣ ትንሽ ካነሰ ባክቴሪያው ይተርፋል።

ማድረቅ

ጅማ ላይ ዘር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህና ቀጥሎ ባለው ደረጃ ነው።

የሸክላ ወይም የብረት ሳህን ተጠቀሙ። ሶፍትና ጋዜጣ ላይ አታድርጉት፣ ይጣበቅና ከወረቀቱ ጋር ይላጣል። ሰፌድ ያምራል ግን ዘሩ በስፌቱ መሐል ይሰነቀራል። አንድ ንብርብር ብቻ አድርጋችሁ አሳሱት፣ በመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ በጣታችሁ አገላብጡት። ካልተገላበጠ ተያይዞ ቂጣ ይሆናል፣ መሐሉም ሳይደርቅ ይሻግታል።

ቦታው ጥላ ሆኖ ነፋስ የሚገባበት ይሁን። ቀጥታ የቀትር ፀሐይ አይደለም፣ ምድጃ አጠገብም አይደለም፣ ምጣድ ላይማ በፍጹም። ከ35 ዲግሪ በላይ ሙቀት ዘሩን ይጎዳዋል። ብዙ ቤት በቆሎ ለዘር ከምድጃ በላይ ይሰቅላል፣ ለበቆሎ ይሠራ ይሆናል፣ ይቺ ስስ ዘር ግን ያን ሙቀትና ጭስ አትችልም።

ጠዋት ጤዛው ከተነሣ በኋላ ሳህኑን አውጡ፣ ፀሐይዋ ሳትወርድ አስገቡ። ይቺን አትዝለሉ። በጥር እንኳን የጅማ ሌሊት እርጥብ ነው፣ ቀን የደረቀው ሌሊት ውጭ ካደረ መልሶ ውሃ ይጠጣል። እንዲህ እያላችሁ አንድ ሳምንት ያህል ቀጥሉ፣ ደመና ከበዛ ጨምሩ።

ደርቋል የሚባለው መቼ ነው? አንዷን ዘር በጥፍራችሁ እጠፏት። ከተጣጠፈች ገና ናት። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ጨርሳለች። ሳህኑን ስትነቀንቁትም ዘሩ እየተንኮሻኮሸ፣ አንዱ ካንዱ ሳይያያዝ ይንሸራተታል።

ማስቀመጥ

ዘሩን በትንሽ የወረቀት ፖስታ አድርጉ። ላዩ ላይ በእርሳስ ጻፉ፦ የዝርያው ስም፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ፣ ከስንት ተክል እንደተያዘ፣ ዘሩን ማን እንደሰጣችሁ። በእርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ስለሚደበዝዝ ነው። ስም ያልተጻፈበት ዘር በሁለት ዓመት ውስጥ ማንነቱ ይጠፋል።

ፖስታዎቹን ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ የማርማላታ ጠርሙስ ክተቱ። በፌስታል ብቻ ቋጥሮ መሳቢያ ውስጥ መተው እዚህ አገር አያዋጣም፣ ክረምቱ ይገባበታል። ከጠርሙሱ ሥር እርጥበት የሚጠጣ ነገር ያስፈልጋል። ሩዝ ያለ ዘይት በምጣድ ላይ ወርቃማ እስኪሆን አምሱ፣ ወዲያው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ከድናችሁ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ የጠርሙሱን ሲሶ ያህል ሙሉበት፣ ፖስታው ከላይ ይቀመጥ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሩዙን አውጥታችሁ በአዲስ የታመሰ ተኩ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት አትብሉኝ የሚሉት ትንንሽ ከረጢቶችም ይሠራሉ።

ጠርሙሱ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ታች ላይ ጥሩ ነው። ጣሪያ ሥርና ማብሰያ ቤት አይሆንም። ፍሪጅም ይሆናል፣ ዘሩ በእርግጥ ከደረቀና ክዳኑ ከጠበቀ። ከፍሪጅ ስታወጡት ግን ወዲያው አትክፈቱት፤ ጠርሙሱ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ሰዓታት ይቆይ፣ ያለዚያ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ዘሩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ እየዘነበ ለማየት ብቻ ብላችሁ አትክፈቱ። እንዲህ የተያዘ ዘር አራትና አምስት ዓመት ደህና ይበቅላል።

መሞከርና ማካፈል

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ደረቅ ያለ ቀን ጠብቃችሁ 20 ዘር ቁጠሩ። የራሰ ግን ውሃ የማይንጠባጠብ ሶፍት ላይ ደርድሩ፣ ጠቅልሉ፣ በፌስታል አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በአሥረኛው ቀን ከ20 ውስጥ 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘራችሁ ጥሩ ነው። አሥር አካባቢ ከሆነ እጥፍ ዝሩ፣ በዚያው ዓመትም አዲስ ዘር ያዙ። ከአምስት በታች ከሆነ ያለውን ሁሉ ዝሩና የወጣውን ተንከባከቡ፣ ለሌላ ዓመት አይቆይላችሁም። የበቀሉትን ከነሶፍቱ ቁርጥራጭ መትከል ይቻላል፣ አይጣሉም።

ከመዝራታችሁ በፊት ጥቂቱን ለጎረቤት፣ ጥቂቱን ሌላ ሰፈር ላለ ሰው ስጡ። አንድ ቤት ያለ ዘር በአንድ መጥፎ ክረምት ይጠፋል። አገራችን ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ አላት። ለዘር ጥበቃ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደም ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ ማሳ ላይ እየተዘራ መቆየት እንዳለበት ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው። ጓሮም ማሳ ነው። የምትሰጡት ሰው እንዴት እንደሚይዘው ካላወቀ ፖስታው ጀርባ ላይ ሦስት ነገር ጻፉለት፦ መስከረም ዝራ፣ ጤነኛዋን ተክል ምረጥ፣ ከጠርሙሱ እርጥበት አርቅ።

የቀረውን ዘር ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትዝሩ። ሲሶውን ጠርሙሱ ውስጥ መልሱ፤ መደቡን ዶሮ ብትጭረው ወይም ያልተጠበቀ በረዶ ቢጥልበት መስከረም ሳያልቅ እንደገና ትዘራላችሁ።